ባለ ሁለት አፉ መትረየስ

ኦታካር ሳዲሌክን አሥር ዓመት ያስፈረደበት ፈገግታው ነው።

ከጦርነቱ በፊት፣ ሞራቪያ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለእንግሊዞች የመትረየስ ንድፍ ሸጦ ነበርና፣ አሠራሩን እንዲያሳያቸው ኦታካርን ላከው። ሄደ፣ አሳየ፣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ የቶርኖ ባለሙያ ገና በመጣ ቁጥር ካርድ ይልክለታል። ጀርመኖች መጡ፣ ሄዱ፤ በመጨረሻ ኮሙኒስቶቹ ቼኮዝሎቫኪያን ያዙ። ካርዱ ግን በገና ሰሞን መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት የደህንነት ሰዎች ወደ ንድፍ ክፍሉ ገቡና ኦታካርን ከነጋዋኑ ይዘውት ሄዱ። ክሱ ስለላ ነበር።

ለምስክርነት የቀረበው ራዶቫን ኩባት ነው። ራዶቫን ማለት ኦታካር ከሊማ አያያዝ ጀምሮ ያስተማረው፣ ጎኑ አስቀምጦ መሣሪያ መንደፍ ያሳየው፣ ሲያገባም ሚዜ የሆነለት ሰው ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ግን ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም።

«ተከሳሹ ከእንግሊዞች ጋር ይጻጻፍ ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ካርድ ይመጣለት ነበር፣ ጓድ ዳኛ።»

«ምን የሚል?»

«እንግሊዝኛ አላውቅም።» ዐቃቤ ሕጉ ሲያፈጥበት ጊዜ ጨመረ፤ «ግን ካነበበው በኋላ ፈገግ ይል ነበር።»

ከአዳራሹ ጥግ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ወዲያው ሳል አስመሰለው። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ ጻፉት። ኦታካር ከተከሳሽ መቆሚያው ሆኖ ራዶቫንን ሲያየው፣ አንገቱ ከኮሌታው በላይ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ያኔ እንኳ ጥላቻ አልመጣበትም። «ምስኪን፣ ምን ብለው አስፈራርተውት ይሆን» ነው ያለው በልቡ። ጥላቻው የመጣው በኋላ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዝገት።

መጀመሪያ የተላከው ዩራኒየም ወደሚቆፈርበት ጉድጓድ ነበር። ድንጋዩን በእጁ እየለየ በርሜል ውስጥ ሲከት ይውላል። ጥርሱ ይነቃነቅ ጀመር፤ ፀጉሩ ሳሳ። ሚስቱ ብላዤና እንድትጠይቀው ሲፈቀድላት፣ በሁለት ሽቦ አጥር መካከል ጠባቂ ቆሞ ነው የተነጋገሩት።

«ኦቲክ፣ ፈታሁህ» አለችው ገና ሰላም ሳትለው። «በወረቀት ነው። ቤቱን ሊወስዱት ነው፣ ልጃችንን ደግሞ ከትምህርት ቤት ሊያስወጡብኝ ነው። የአባቴን ስም ሰጥቻታለሁ። አሁን ሚላዳ ዶስታሎቫ ናት።»

ኦታካር ጣቷን አየ። ቀለበቱ አለ።

«እሱንስ ለምን አላወለቅሽውም?»

«ጣቴ አብጦ እምቢ አለኝ» አለች ተቆጥታ። ጣቷ ግን እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ግድም ስሙ ተጠራና ከጉድጓዱ ወጣ። በዝግ መኪና ጭነው ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት። እዚያ ሰፊ ክፍል ውስጥ ንድፍ መሥሪያ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ የእስረኛ ልብስ የለበሱ ኢንጂነሮች ጎንበስ ብለው ያሰምራሉ። የክፍሉ ኃላፊ መኮንን ተቀበለው።

«ሳዲሌክ፣ እጅህ ለአካፋ አልተፈጠረም አሉኝ። እዚህ ሾርባው ሥጋ አለው። እኔ ደግሞ መትረየስ እፈልጋለሁ።»

«ምን ዓይነት?»

«አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሮጥ። ከጥይት ካዝናም ከጥይት ሰንሰለትም የሚጎርስ። ወታደሩ ምንም ዕቃ ሳይፈታ ሳይገጥም፣ ካዝና ሲያገኝ ካዝና፣ ሰንሰለት ሲያገኝ ሰንሰለት።» ፈገግ አለ። «ውጭ ያሉት ሞክረው አቅቷቸዋል። የቀድሞ ተማሪህ ነው አሉ ዋና ነዳፊው።»

ኦታካር ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የራዶቫንን ንድፍ አየ። ራዶቫን ለሰንሰለቱ አንድ መጋቢ፣ ለካዝናው ሌላ መጋቢ አበጅቶ፣ ወታደሩ አንዱን እየነቀለ ሌላውን እንዲሰካ አድርጎታል። ኦታካር ራሱን ነቀነቀ። ወታደር የሚጠፋ ዕቃ ከሰጠኸው ያጠፋዋል፤ ይህን ደጋግሞ ነግሮት ነበር።

ለብዙ ሳምንት አልተያዘለትም። ሲሥል ይውላል፣ ሲፍቅ ይውላል። መፍትሔውን ያገኘው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከክፍሉ በር ላይ የሳህን ማስገቢያ ክዳን አለ። ጠባቂው ክዳኑን ሊከፍት ወደ ታች ሲጥለው ጠርዙ አንዲት ትንሽ ብረት ይገፋል፤ ብረቷ ደግሞ የበሩን መቀርቀሪያ ቆልፋ ትይዛለች። ክዳኑ ሲከፈት በሩ አይከፈትም፤ ክዳኑ ሲዘጋ በሩ ነፃ ይሆናል። ያንን ክዳን በየቀኑ ሲያየው ኖሯል። ዛሬ ግን ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ውሰድ እንጂ! ሾርባ ነው፣ ሙሽራ አይደለም!» አለው ጠባቂው።

«እባክህ አንዴ ዝጋውና መልሰህ ክፈተው።»

«አብደሃል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ጠባቂው ተሳድቦ ዘጋው፤ ለመሳደብም መልሶ ከፈተው። ይህ በቂ ነበር። ኦታካር ሾርባውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ እርሳሱን ያዘ። አንዲት ክዳን፤ ስትዘጋ የሰንሰለቱ ጎታች ጥርስ ሥራውን ይሠራል፤ ከፍተህ ካዝና ስትሰካ፣ ያቺው ክዳን ጥርሱን ወደ ጎን ገፍታ ታሳርፈዋለች። የሚነቀል የለም፣ የሚጠፋ የለም። ቃታውንም ለሁለት ከፈለው፦ ላይኛውን ሲስቡት አንድ ይተኩሳል፣ ታችኛውን ሲስቡት ያዘንባል።

ከጎኑ የሚሠራው አሎይስ፣ ዕድሜውን በድልድይ ሥራ የጨረሰና አሁን የመትረየሱን ሁለት እግር እንዲነድፍ የታዘዘ ሽማግሌ፣ አንገቱን አስግጎ አየው።

«እያፏጨህ ነው፣ ታውቃለህ?» አለው።

«እኔ?»

«አዎ አንተ። አሥር ዓመት ሰጥተውህ፣ ሚስትህን አስፈትተውህ፣ መግደያ ትሠራላቸዋለህ፤ ደግሞ ታፏጫለህ።»

ኦታካር አፈረ። ግን እውነት ነበር፤ ከታሰረ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። አሳሪዎቹ እንኳ ያልወሰዱበትን አንድ ነገር ገና አሁን በገዛ እጁ እንደ ሰጣቸው የገባው ሾርባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ለሙከራው ቀን ሱፍ አልብሰው ወደ ተኩስ ሜዳ ወሰዱት። ሱፉ ከእስረኞች ዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ የሌላ ሰው ሱፍ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያረጀ የትራም ትኬት ነበረበት። ባለቤቱ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል። «የፋብሪካው መካኒክ ነህ፤ ካልተጠየቅህ አትናገር» ተብሏል። አንድ የደህንነት ሰው ሲቪል ለብሶ ከጎኑ ቆመ።

መትረየሱን በጭቃ ለወሱት፣ በረዶ ውስጥ ቀበሩት፣ አሸዋ አለበሱት። ተኮሰ። ካዝናውን ነቅለው ሰንሰለት አስገቡለት፤ ተኮሰ። ኮሎኔል ፔሃር የሚባሉ የሠራዊቱ ገምጋሚ ራሳቸው ተኝተው ተኮሱና ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ።

«ይህቺን ክዳን ያሰበ ሰው እናቱ ትባረክ!» ብለው፣ ዋና ነዳፊ ተብሎ አጠገባቸው የቆመውን ራዶቫንን አቀፉት።

ራዶቫን በኮሎኔሉ ትከሻ ላይ አሻግሮ ኦታካርን አየው። ለአንድ አፍታ የሚናገር መስሎ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ «የቡድን ሥራ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል» አለ።

ኮሎኔሉ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ለመካኒኩም ሲጋራ ሰጡት። ኦታካር አያጨስም፤ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ሰካው። በዚያው ዓመት ራዶቫን የመንግሥት ሽልማት ተቀበለ፤ ኦታካር ደግሞ ሾርባውን።

ምሕረት ታውጆ ሲለቀቅ የተቀበለው ሥራ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ማቃጠል ነው። ጥርሱን ግማሽ አራግፏል። ብላዤና ጋር ተመልሶ አንዲት ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ። ጎረቤት «ብላዤና በስተርጅና ውሽማ ያዘች» እያለ ይስቅባቸዋል፤ እሷም «ከባሌ ይሻላል፣ ቢያንስ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል» ትላቸዋለች። ሚላዳ አድጋለች። በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ግን ዩኒቨርሲቲ ባመለከተች ቁጥር ተመለሰች። ስሟ ቢቀየርም ዶሴዋ አልተቀየረም። ዝይ ማረጃ ውስጥ ላባ ስትነጭ ትውላለች፤ ማታ ስትመጣ ከፀጉሯ ላይ ነጭ ላባ ይለቅማሉ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ራዶቫን ነው፤ ጥሩ ካፖርት ለብሶ፣ የፕለም አረቄ በወረቀት ጠቅልሎ። ብላዤና በሩን ይዛ ቆመች።

«ለሞተ ሰው ሊያዝኑ ነው ወይስ በሕይወት ያለውን ሊቀብሩ?» አለችው።

«እሱን ላናግረው ነው፣ ወይዘሮ ብላዤና። እባክዎ።»

«ይግባ» አለ ኦታካር ከውስጥ። «ተሸላሚ ሰው ደጅ አይቆምም።»

ራዶቫን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የጎመኑና የሚቀቀለው የሊጥ ድቡልቡል እንፋሎት ክፍሉን ሞልቶታል። ማንም ብላ አላለውም።

«መምህር፣ ጥይቱን ቀየሩት» አለ። «ከሞስኮ ትእዛዝ መጣ። ወዳጅ አገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥይት ይተኩሱ ተባለ፤ የነሱን።»

«የእኛ አይሻልም እንዴ?»

«ይሻላል።»

«ታዲያ ይሻላል በላቸዋ። አንተ መመስከር ትችልበታለህ።»

ራዶቫን እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። «የነሱ ጥይት አጠር ያለ፣ ወደ ጫፉ የሾጠጠ ነው። ካዝናው ውስጥ ይንጋደዳል። ሰንሰለቱ ላይ ይንሸራተታል። ክዳኗን ብነካት ካዝናው ይቆማል፣ ካዝናውን ብነካ ሰንሰለቱ ይቆማል። ስድስት ወር ሞከርኩ።»

«ልጅህ አይደለም እንዴ? አባት የልጁ ሕመም ይጠፋዋል?»

«መምህር…»

«ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ፣ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ። ሰምተህ አታውቅም?»

ራዶቫን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ምን ላድርግ? ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እርስዎን ያሠሩ ቀን እኔንም ወስደው ነበር፤ ያውቃሉ? ወይ ትናገራለህ ወይ አብረኸው ትገባለህ አሉኝ። ከዚያ የሚጎዳዎትን ነገር ፈልጌ አጣሁ። የማያስከስስ መስሎኝ ነው ፈገግታውን የተናገርኩት።»

ሊጡ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል። ኦታካር ይህን ሰምቶ ልቡ የሚራራ መስሎት ነበር፤ አልራራም። ይልቁንም አንድ ነገር ታየው፤ ይህ ሰው እየለመነ ነው፣ የሚለምን ሰው ደግሞ የሚሰጠው ነገር አለው።

«ስሜ ይጻፍበት» አለ።

«ኦቲክ!» አለች ብላዤና ማንኪያውን እንደያዘች ዞራ። «ሰው መግደያ ላይ ስምህ ባይኖር ምን ቀረብህ? ቆሻሻው ለሱ ይሁን! ልጅህ እዚህ ላባ ስትነጭ ትውላለች፣ አንተ ለብረት ስም ታወጣለህ!»

ኦታካር ደነገጠ። ሚላዳ ጥግ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ የምታነብ መስላ ነበር፤ ጣቶቿ ከዝይ ስብ የተነሣ ያብረቀርቃሉ። ለረጅም ጊዜ አያት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ስሙ ላንተ ይሁን። እሷን ዩኒቨርሲቲ አስገባልኝ። ምህንድስና።»

«አባዬ፣ እኔ እንዲህ አልፈልግም» አለች ሚላዳ።

«አንቺን አልጠየቅኩሽም።»

ራዶቫን እጁን ዘረጋ። ኦታካር አልጨበጠውም፤ አረቄውን ግን ተቀበለና ለብላዤና ሰጣት፤ «መስኮት መወልወያ ይሆናል» ብሎ።

በጋውን ሙሉ በፋብሪካው የኋላ በር እየገባ ሠራ። ዘበኛው መዝገብ ላይ «የማሞቂያ ጠጋኝ» ተብሏል። ድሮ የሚያውቃቸው የቶርኖና የፍሬሳ ማሽን ሠራተኞች ሲያዩት ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አፍ አውጥቶ ሰላም ያለው ግን አንድም አልነበረም። ካዝናውን ይበልጥ አጎበጠው፤ የሰንሰለቱን አያያዥ አጥብቆ አሳጠረው፤ የክዳኗን ጠርዝ በገዛ እጁ በሊማ ሞረደው። ራዶቫን ጎኑ ቆሞ ዕቃ ያቀብለዋል። አንዳንዴ ሥራው ሲያማልላቸው የድሮው ዘመን የተመለሰ ይመስል፣ «ትንሽ ከግራ»፣ «አይ፣ ሞላው ይጠነክራል»፣ «እስቲ አሁን» እየተባባሉ ይረሱታል። ከዚያ አንዳቸው ያስታውሳሉ፤ እንደገና ዝም ይላሉ።

በመጨረሻው ሙከራ ላይ መትረየሱ ሳይቆም ተኮሰ። ኮሎኔል ፔሃር ፀጉራቸው ነጥቶ መጥተው ነበር። ኦታካርን አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንተን የት ነው የማውቅህ?»

«ቦይለር አቃጣይ ነኝ፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«አይ፣ የሆነ ቦታ ሲጋራ ሰጥቼሃለሁ» አሉ፤ ደግመውም ሰጡት።

ራዶቫን በቃሉ ተገኘ። በመከር ሚላዳ ሻንጣዋን ይዛ ብርኖ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ስትሄድ አባቷን አልሳመችውም። ብላዤና ባቡር ጣቢያው ላይ አለቀሰች፤ ኦታካር ፈረቃ ነበረው፣ አልሸኛትም።

መትረየሱ ግን ዕድሜ አላገኘም። ለማምረት ውድ ነው፣ ክፍሎቹ ሁሉ በፍሬሳ የተጠረቡ ናቸው ተባለ፤ ሠራዊቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከብረት ሉህ በመጭመቂያ ማሽን የሚበጅ፣ ርካሽ፣ ሌሎች ሰዎች የነደፉትን ሌላ መሣሪያ መረጠ። የኦታካር መትረየሶች ግሪስ ተቀብተው፣ በሣጥን ተዘግተው፣ ባሕር ተሻግረው የሌሎች ሰዎች ጦርነት ወዳለበት ተሸጡ። ማን እንደ ተኮሰባቸው፣ በማን ላይ እንደ ተኮሱ ኦታካር አልሰማም። ብላዤና ጋዜጣ ላይ የሩቅ አገር ጦርነት ባየች ቁጥር ገጹን አጥፋ ድንች ትልጥበት ነበር።

ምስጢርነቱ ሲቀር አንዱን መትረየስ ከመካከሉ ሰንጥቀው፣ ውስጡ እንዲታይ፣ ለተማሪ ማስተማሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላኩት።

ሚላዳ በዚያ ሰሞን ሳይታሰብ ወደ ቤት መጣች። አባቷ ለሥራ ሊወጣ ቱታውን እየለበሰ ነበር። ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የቃል ፈተና ነበረኝ» አለች። «ፕሮፌሰሩ ያንን ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የተሰነጠቀውን።»

ኦታካር ቁልፉን መቆለፍ አቆመ።

«የክዳኗን አሠራር አስረጂ አሉኝ። አስረዳሁ። ከሁሉ የተሻለ አስረዳሁ፤ አንተ ብረት ምድጃው ላይ በከሰል እየሣልክ ያሳየኸኝን። እሳቸው ራሳቸው ደነገጡ።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ከዚያ ‹ይህን የፈጠረው ማነው?› አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ራዶቫን ኩባት አልኩ።»

ብላዤና ከምድጃው ዞረች።

«ፊቴን እያዩኝ ነበር አባዬ። ያውቁ ይሆን? ሊሞክሩኝ ይሆን? አላውቅም። አፌ ዝም ብሎ ተናገረው፣ ምንም አልከበደውም። የከበደኝ ደረጃ ላይ ስወርድ ነው።»

«ስንት ሰጡሽ?» አለ ኦታካር።

«አንድ።»

እዚያ አገር ከፍተኛው ማርክ አንድ ነው፤ ከሱ በላይ የለም።

«እውነቱን ብናገር ኖሮስ?» አለችው። «አንድ ሰው እንኳ አንድ ቀን ይስማው ብዬ ብናገረውስ?»

«ትባረሪ ነበር» አለ ኦታካር። «እኔም ያንን በጋ በከንቱ ሠራሁ ማለት ነው።»

ይህን ሲል ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ልትቆጣው ቀና አለች፣ ግን ፊቱን ስታይ ተወችው። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች፤ እንደ ልጅ፣ በአፍንጫዋም በአፏም።

«አንድ ያገኘ ሰው ያለቅሳል እንዴ?» አለች ብላዤና፤ እሷም ግን እንባዋ እየወረደ ነበር።

«ተያት፣ ታልቅስ» አላት ኦታካር። «ቢያንስ ለማልቀስ ዶሴ አይጠየቅም።»

ቱታውን ቆለፈ፣ ባርኔጣውን ደፋ። ልጁን ሊስማት ጎንበስ አለና፣ እጁ ላይ ታጥቦ የማይለቅ የከሰል ጥላሸት አይቶ ፀጉሯን በክንዱ ብቻ ነካ አደረጋት። ፈረቃው ደርሷል፤ የቀኑ አቃጣይ ሳይተካ ትቶት ከሄደ እሳቱ ይጠፋበታል። በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ።